የፍሪጁ ቁልፍ

በሦስተኛ ወሬ ስሙን ነገሩኝ፣
ሄፓታይተስ ቢ፣ ሳላውቀው የኖረኝ፤
ከጉበቴ ጓዳ የገባ ተከራይ፣
ኮቴው የማይሰማ፣ ፊቱ የማይታይ።
ዶሮ ማነቂያ ላይ ቤታችን ሲፈርስ፣
አልጋ ቁም ሳጥኑን አይሱዙ ሲያግበሰብስ፣
እሱ ግን አልወጣም።
ምናልባት እናቴ በምጧ አውርሳኝ፤
ለእሷማ ያን ጊዜ ማን መርምሮ፣ ማን ነግሯት።

ቅዳሜ፣ ልደታ፣ እኩለ ሌሊት ላይ፣
ልጄ ሦስት ሰዓቷ ነው።
ክትባቱ ፍሪጅ ውስጥ፤ ቁልፉ ግን የለም።
«ሰኞ ጠዋት» አለ ዘበኛው፣ «ኃላፊዋ ስትገባ።»
ሲስተር የሻረግ የልጄን ፊት እያየች
«የተሰጣት ሃያ አራት ሰዓት ነው» አለች፣
«ሰኞ ለማን ብዬ?»
ደወለች። ተሳደበች። ደግማ ደወለች።

ጎህ ሲቀድ
ቁልፉ ከሃያ ሁለት በራይድ መጣ፣
ብቻውን፣ ከኋላ ወንበር፣
እንደ ሚኒስትር።

ታፋዋን ያዝኩላት፤ እጄ ተንቀጠቀጠ።
ጮኸች፣
ስትወለድ እንኳ እንዲህ አልጮኸችም፣
ጥግ ያለችው አራስ ቀና እስክትል ድረስ።
እኔ ግን አላባበልኳትም።
ጩኺ፣ አልኳት፣ ጩኺ የኔ ልጅ፣
ይስማሽ ያ ተከራይ፤
ያንቺ ቤት
አይከራይም።