አራተኛዋ ክፍል

እሑድ በመጣ ቁጥር ቤት ፍለጋ ስንነሣ፣
ትርሲት ዳቦ ትቋጥራለች፣ ደብተሯን ሳትረሳ።
ፍራንክፈርትን ከኋላ፣ ከነፎቁ ትተን፣
የባቡሩን መስመር እንደ ዳዊት አጥንተን፣
በየጣቢያው መውረድ፣ በየደጁ መቆም፣
"ይቅርታ፣ ተሸጧል" ሲሉን አለመገረም።

እዚህ አገር ቤት አይለካም በክንድም ሆነ በሜትር፤
በደቂቃ ነው የሚሸጥ፣ በሰዓት ነው የሚቆጠር።
"ከዋናው ጣቢያ አሥራ ሁለት" ካሉ፣ ዋጋው ሰማይ ወጣ፤
"ሠላሳ" ሲሉ ወገብ ድረስ፣
"አርባ ሰባት" ሲሉ ወደኛ መጣ።

ኬልስተርባህ ያየነው ሰፊ ነው፤ አዲስ ወለል፣ ንጹሕ ማእድ ቤት፤
ግን ደላላዋ ፍራው ክሮገር ወሬዋን ገታች ድንገት፣
አውሮፕላኑ እስኪያልፍ ድረስ ጣቷን ወደ ላይ ቀስራ።
ሲያልፍ ካቆመችበት ቀጠለች፣ ምንም እንዳልሆነ ቆጥራ።
በቆየንበት ሩብ ሰዓት ያ ጣት ስድስቴ ተነሣ።
"ጣት" ብላ ጻፈች ትርሲት፣ ዋጋውን ሳታነሣ።

ኦፈንባህ ቅርብ ነው፤ ወንዙን ከተሻገሩ ያው ከተማው፤
ግን አልጋ ካስገባን ቁም ሣጥን ይቀራል፣
ቁም ሣጥን ካስገባን እኛው።

ሦስተኛው ኒደርሆልት ነው፣ ሐዲዱ ሊያልቅ ሦስት ጣቢያ ሲቀር፤
ከኋላው የገብስ ማሳ፣ ከፊቱ አሮጌ የእንጨት አጥር።
ባለቤቱ ሄር ሶበል፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ባንክ ቤት ተመላልሶ፣
ቁልፍ እያንቃጨለ ተቀበለን፣ አንድ ካልሲ ገልብጦ ለብሶ።
ጓሮ ወስዶ ፖሙን አሳየን።
"ይህ ዛፍ" አለ፣ "ሁልጊዜ የሚያብበው በሥራ ቀን ነበር፤
እሑድ ወጥቼ ሳየው፣ የሚጠረግ ነጭ ምድር።"
ይህን ብሎ ስለ ጣሪያው ክዳን አወራ።

ያን ማታ እርሳስ ያዝኩ። አርባ ሰባት መሄጃ፣
አርባ ሰባት መመለሻ፤ የመዘግየቱ ለብቻ።
በዓመት ሁለት መቶ ሃያ ቀን፣ ብድሩ ሃያ አምስት ዓመት ነው፤
አባዝቼ አካፍዬ፣ እንደገና ደምሬ ባየው፣
አንድ ዓመት ወጣኝ፤ ጳጉሜ ብቻ ናት የጎደለችው።
አንድ ዓመት! ቀኑ ከነሌሊቱ፣
መስታወት ላይ ተለጥፎ ሲያረጅ የሰው ፊቱ።
"ትርሲት" አልኳት፣ "የምንገዛው እኮ ቤት አይደለም፣ ወንበር ነው።
እሱም ሰው ካልቀደመን፤ ከቀደመን መቆሚያ ነው።"

የሌሊት ተረኛ ናት፣ ከልብ ሕሙማን ክፍል።
ካፖርቷን ሳትለብስ፣ አንድ እጅጌ ብቻ አጥልቃ፣ ሰማችኝ።

"እዚያ ደወል አለ" አለች፣ "እዚህ ልዕልና፤ አንተም አለህ ከዚያ ሌላ።
ሁሉም ስሜን ይጠራል፣ አንዱ ሲጨርስ ሌላው ቀጥላ ቀጥላ።
ስሜን የማያውቅ ሰው ብቻ የሞላበት ቦታ ባገኝ፣
ዐይኔን ብከድን ባልከድን፣ ማንም ምንም የማይለኝ፤
አርባ ሰባት ደቂቃ።
አንተ ሦስት ክፍል ነው ትላለህ፣
እኔ አራት ነው የቆጠርኩት።"

እርሳሱን አስቀመጥኩ። በማግሥቱ ፈረምን።

አሁን ማለዳ የልዕልናን ፀጉር ስጎነጉን፣ ከማሳው ማዶ
መብራቱን አብርቶ ሲመጣ ባቡሩ በጉም ተጋርዶ፣
"የእማዬ ክፍል መጣች" ትላለች።

ባለፈው ሐሙስ ግን መጣ፣ ቆመ፣ ሄደ።
ከኮረብታው ማንም አልወረደ።
ከዚያ ስልኬ ጮኸ፤ ድምጿ በእንቅልፍ እንደራሰ፣
"ሦስት ጣቢያ አልፌያለሁ፤ ሐዲዱ እዚህ ጨረሰ።
እንዳትመጣ፣ ራሱ ይመልሰኛል፤ ሃያ ደቂቃ ይቆማል አሉ።
ባዶ ነው። ላሞች ይታዩኛል።
ክፍሌ በረንዳ ወጣላት በለኛ!"

ያን ቀን ልዕልና ትምህርት ቤት የሄደችው
ግማሽ ፀጉሯ ሳይጎነጎን ነው።