መስኮቱን ማን ከፈተው

ስድስት ነን በክፍሉ፤ ሦስት ድርብ አልጋ፣
አንድ ሶኬት፣ እሱም ሲነኩት የሚዋጋ፤
አንድ መስኮት አለን፣ ወደ ጦሳ ያየ፣
ከመስከረም ወዲህ ተከፍቶ ያልታየ።

የደሴ ጉም እኮ ማታ ማታ ወርዶ፣
አጥር ዘሎ ገብቶ፣ በየብሎኩ ሄዶ፣
በር በር ያንኳኳል፤ መታወቂያ የለው፣
ፈታሽ አያስቆመው፣ ፕሮክተር አይከለክለው።
ስለዚህ መስኮቱን በጋዜጣ ሞልተን፣
በሙህዲን ፎጣ ስንጥቁን ደፍነን፣
በስድስት ሰው ትንፋሽ ክፍሉን አሙቀን፣
እንደ አንድ ሰው ተኛን።

በጥር መጨረሻ ማስታወቂያ ወጣ፤
አዲስ ጉንፋን አለ፣ በትንፋሽ የመጣ።
"እጅ ታጠቡ፣ ራቁ፣ አፍንጫ ሸፍኑ፣
መስኮት ክፈቱ" ይላል፤ ማኅተም አለው፣ ቀኑ።

ወዴት ነው የሚራቀው? በስንት ስንዝር ነው?
የኔ ራስጌ እኮ የኡጁሉ ግርጌ ነው።
ሙህዲን ደግሞ አለ፣ የወረኢሉው ልጅ፣
ሰላም ያለ አይመስለው ካልሳመ የሰው እጅ።

የጤና ክበቡ እሱኑ ጠራና፣
ነጭ ወረቀት ሰጥቶ፣ ቀይ ቀለም ጨመረና፣
"ሳንባ ሳል" አሉት። እሱም ሳለላቸው፤
ሁለት ዛፍ ገልብጦ ደረት ላይ ሰቀላቸው።
ካፌው በር ለጠፍነው፤ ሰልፈኛው ሲያየው፣
አንዱ "ጥቅል ጎመን!" ብሎ ሰልፉን አሳቀው።

ማታ ጋዜጣውን ልገነጥል ስነካ፣
ከበሽታው ይልቅ ብርድ ያስፈራል ለካ!
"ዝጋው! ነፋስ መታኝ!" "ምች ነው፣ ምች ነው!"
"ሰው የሚጥለው እኮ ይኸው ሽውታ ነው!"
ሠዓሊው ባሰብን፦ "ወረኢሉ መናኸሪያ
እናቴ ስትሸኘኝ፣ የምክሯ መጀመሪያ
'ነፋስ እንዳይመታህ' ነው።"
እኔ የጤና ተማሪ፣ ሦስተኛ ዓመቴ፣
ከደብተር ጠቀስኩ፤ ደረቀ አንደበቴ።
"የሳልከውን ሳንባ አታምነውም?" ብለው፣
"መሳልና ማመን ይለያያል" አለኝ፤
ብርድ ልብሱን ስቦ ጀርባውን ሰጠኝ።

መስኮቱ ተዘጋ።
(እኔም በርዶኝ ነበር። ልዋሽ አልፈልግም።)

በአራተኛው ሌሊት፣ ከላይኛው አልጋ፣
ሳለ፣ ሳለ፣ ሳለ፣ ሌሊቱ እስኪነጋ።
ሳል ሲሉት የሳለው፣ ብሩሹን ጨብጦ፣
አሁን ሳይሉት ሳለ፣ አልጋው ላይ ተቀምጦ።

ማንም አልተናገረም።
ኡጁሉ ብቻ ተነሣ፣
ያ የሞቃት አገር ልጅ፣
ደሴን በሦስት ካልሲ የሚኖራት፤
ጋዜጣውን ቀደደ፣ ፎጣውን ነቀለ፣
መስኮቱን ከፈተው።
ጉሙ ገባ፣ ያለ መታወቂያ።
"ዝጋው" ያለ የለም።

ጠዋት ሙህዲንን ወሰዱት፣ ጥግ ወዳለው ብሎክ፤
ብርድ ልብሱን በትከሻው፣ ቀለሙን በፌስታል ይዞ።
እኛን ጋሽ ይመር ፕሮክተሩ ቆጠረን፣ አምስት።
"ሰባት ቀን ማንም ንቅንቅ የለም። አብሽሩ" አለና
ወንበሩን አምጥቶ ከበራችን ራቅ ብሎ ተቀመጠ፤
ምሳችንን መሬት ላይ ያኖራል፣ ወደ ኋላ ይሸሻል፣
ከዚያ "ብሉ!" ይላል፣ የተጣላን ይመስል።

በስምንተኛው ቀን
ከጥጉ ብሎክ መስኮት ሥር ቆምኩ፣
በእርምጃ ለክቼ፣ አፌን ሸፍኜ።
ወለል ብሎ ተከፍቷል።
ብቅ አለ፤ ከስቷል፤ አገጩ ሹል ሆኗል።
እጁን ወደ እኔ ዘረጋ፣
ያለን ርቀት ትዝ አለው፣ መለሰው፣
የገዛ እጁን ሳመ።
እኔም የራሴን ሳምኩ።
ያየን ሰው ካለ እብድ ብሎናል።

"አይበርድህም?" አልኩት።
"ይበርዳል እንጂ! ጥርሴ ነው የሚጨፍረው።"
ትንሽ ሳለ። ጠበቅኩት።
"እናቴ ከደወለችልህ ግን" አለኝ፣
"ዘግቶታል በላት።"