የድንጋይ ቀመር

ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ሙቀቱ ሳይነቃ ገና፣
ራስ አል-ኸይማን ትተን ወጣን በአቧራማው ጎዳና።
መሪውን እኔ ይዣለሁ፤ ዶክተር ሙና አል-ሸሒ ከጎኔ፣
ከኋላ መዶሻ፣ መሰርሰሪያ፣ የውሃ ጀሪካን፤ ያ ነው የእኔ
የቀን ሥራ።

ዋዲ አል-ቢህ ግራና ቀኙ ገደል፤ በካምፓችን መጋዘን
እንደተቆለለ ፍራሽ፣ ግራጫ በነጭ፣ ነጭ በግራጫ ላይ።
«እዚህ ባሕር ነበር» አለች፣ «ከወገብ የማያልፍ ውሃ፤
ሲሞላ ደለል ያነጥፍና፣ ሲሸሽ ያደርገዋል በረሃ።
ምድር እንዝርት ናት፤ እየዞረች አናቷ ቀስ ብሎ ይዋልላል፤
አንዴ ዋልላ እስክትመለስ ሃያ ሺህ ዓመት ያልፋል።
ይሄ አንዱ መስመር እሱ ነው፤ መዳፍህን አኑርበት» አለች።
አኖርኩ። ሃያ ሺህ ዓመት ከአውራ ጣቴ እስከ ትንሿ ጣቴ አለቀች።

«አምስት አምስቱ እንደ ነዶ ታስሮ መቶ ሺህ ይሆናል፤
አራት ነዶ አንድ ክምር ነው። ክምሩን ይዘህ ቁጠር፤ ሌላው ይዛነፋል።»

የኔታ ልሳኑ ትዝ አሉኝ፣ በጣታቸው አንጓ ቆጥረው፣
አበቅቴን ከመጥቅዕ አጋጥመው፣ የነነዌን ቀን ጎትተው
ከዓመቱ ጉሮሮ የሚያወጡ፤ ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ፣
አራቱን አዙረው አዙረው፣ ጳጉሜን ስድስት እስክትደርስ።
አምስት ሺህ ከአምስት መቶ፣ አዳም ተስፋ የጠበቀው፣
እዚህ አንድ ጣት ነው ውፍረቱ፤ ቢጫ አቧራ የሸፈነው።
አልነገርኳትም።
የኔታ ቢያዩት የሚሉትን አውቃለሁ፦
«ቆጠራው ያው ነው፣ ልጄ። ክቡ ነው የሰፋው።»

ከቀትር በፊት፣ ሰማንያ ሦስተኛው መስመር ላይ ቆመች።
ጣት የማታክል ቀይ ክር፤ ምላጭ ያለፈባት መሰለች።
«እዚህ ጎድሏል። ባሕሩ ሄዶ ሳይመለስ ቆየ፤
ዝናብ ድንጋዩን እየበላ፣ አፈሩ ቀልቶ ታየ።
ስንት ዘመን እንደሆነ እንጃ።
ጊዜ አለፈ፤ ግን አልጻፈም።»

እኔም ሁለት ዓመት አለኝ፣ ሻርጃ፣ አንድ ቆርቆሮ ጋራዥ፤
ፓስፖርቴ በካፊሉ መሳቢያ፣ ደሞዜ «ነገ» በሚል ቃል።
ፎቶ የሌለው፣ ሐዋላ የሌለው፣
በስልክ «ደህና ነኝ» ብዬ የዘጋሁት።
ቤት ሲቆጥሩ ይዘሉታል።

«ታዲያ ምን ትጽፊበታለሽ?» አልኳት።
እርሳሷን በጥርሷ ይዛ ቆየች፦
«ቀዩን አሰምራለሁ፤ ቁጥር አልሰጠውም።
ናሙና ግን ከእሱም ውሰድ።»

ሰረሰርኩ። ከጀሪካኑ ያፈሰስኩት ውሃ
ቀልቶ በክንዴ ወረደ፣ እጅጌዬ ውስጥ ገባ።
ፌስታሉ ላይ፣ የኔታ ባስተማሩኝ ፊደል፣
፹፫ ብዬ ጻፍኩ፤ ከአጠገቡም
ባዶ ቦታ ተውኩ፣ ሰፋ አድርጌ።
«ይሄስ ምን ይላል?» አለች።
መኪናውን አስነሣሁ።