የመመለሻ ሰዓት

ፍኖተ ሰላም ላይ፣ ከላህ ወንዝ ማዶ፣
ሃምሳ አለቃ ቢያዝን ወፍጮ ይከፍታል ማልዶ።
ሞተሩ ሲነሳ ጆሮውን ያስጠጋል፣
እንደ ደረት ሐኪም ሳሉን ያዳምጣል።
«ሦስተኛዋ» ይላል፣ «ቫልቯ ላልታለች»፤
ሳይፈታ ያውቃታል የት ጋ እንደታመመች።

እኔ ታሪክ ላስጽፍ ደብተር ይዤ ሄድኩኝ፤
«የተዋጊ ጄት ጓድ፣ ገድሉን ይንገሩኝ» አልኩኝ።
«ስንት ሚግ ወደቀ? ማን ተሸለመበት?
የድሬዳዋ ሰማይ ምን ይመስል ነበር ጦርነት ሲገባበት?»

ዱቄቱን ከቅንድቡ በክንዱ ጠረገ፣
ከጆንያዎቹ ስር መዝገብ ፈለገ፤
ሽፋኑ በግሪስ የጠቆረ።
ጀግና የለበትም። ሽለላ የለበትም።
የጅራት ቁጥር ነው፣ የነዳጅ ልክ፣ ዘይት፣
የጎማ ነፋስ፣ ብሎን፣ የጠበቀ፣ የላላ፣
«ወጣ» የሚል ዓምድ፣ «ተመለሰ» የሚል ሌላ።

«እኛ መሬት ነበርን፤ ሰማዩ የነሱ።
የኛ ድርሻ መሰላል ማቅረብ፣ ቀበቶ ማጥበቅ፣
መስታወት መወልወል፣ ከዚያ መጠበቅ፤
ጆሮን ወደ ምሥራቅ ቀስሮ መጠበቅ።
አራት ከወጡ አራት ትቆጥራለህ።
ሦስት ከሰማህ
ደግመህ ትቆጥራለህ።»

ነሐሴ፣ ስድሳ ዘጠኝ። ገጹ ተጨማዷል።
«ወጣ፦ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሃያ» ይላል።
«መቶ አለቃ ልየው ጫኔ። ነዳጅ ሙሉ። ዘይት ሙሉ።»
የመመለሻው ዓምድ ባዶ ነው በሙሉ።

«ጅጋ ተወለደ፣ ጅጅጋ ላይ ቀረ፤
አንዲት ‹ጅ› ናት ልዩነቷ» አለኝ እየዞረ፣
«ሰው በእሷ ይጠፋል።
የመጨረሻዋን ብሎን ያጠበቅሁ በዚህ እጄ ነበር።
ጠላት ይሁን እጄ...» አልጨረሰውም።
የማይንቀጠቀጥ ማንጠልጠያ ያዘ፣ ሊያጠብቅ።

በሩ ላይ አህያ ቆመች፤ አያ ጫኔ መጡ፣
ከጅጋ ድረስ ዳጉሳ ጭነው፣
በመንገድ ያለውን ወፍጮ ሁሉ አልፈው።
አስራ ዘጠኝ ዓመት እዚህ ያስፈጫሉ።
ቢያዝን አያስከፍልም። ለምን እንደሆነ
አንዱም አይጠይቅም፣ አንዱም አይናገርም።

ሞተሩ ሲያጓራ ሽማግሌው ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ፤
በቆርቆሮው ሽንቁር ወደ ላይ ያያሉ።
«ልየው» ይላሉ፣ በቀስታ፣ ከንፈር ሳይከፈት።
ስም ይሁን ልመና
እኔ አልለየሁትም።

ቢያዝን የወፍጮውን መዝገብ ገለጠ፤
እዚያም ሁለት ዓምድ አስምሯል፣ በቀይ።
«ዳጉሳ፣ አንድ ኩንታል። ጫኔ።
ወጣ፦ አምስት ሰዓት ተኩል» ብሎ ጻፈ።
ሁለተኛውን ዓምድ አልነካውም።
አህያዋ ኮረብታውን እስክትዞር
እስክሪብቶውን ይዞ በሩ ላይ ቆመ፣
ጆሮውን ወደ መንገዱ አዘንብሎ።