ምንጭ ከእንስራ

አትራክታ ጊልሁሊ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ፖስታ ያደለች ሴት፣
ዛሬ አድራሻው የጠፋ አንድ ዜማ ይዛ ትዞራለች ከቤት ቤት።

ስሙ «የባልቴቷ ግማሽ ጥማድ» ይባላል፤
ለጭፈራ ነው የተሠራው፣ ስድስት ስድስት ይመታል፤
በሊትሪም፣ ከሐይቁ ወዲህ፣ ቫዮሊን የያዘ ሁሉ ያውቀዋል፣
ያወቀ ሁሉ ግን ይለያያል።

መጀመሪያ የአባ ላክላን ማክጎርቲን ደብተር አገኘች፤
ሻጋታ የበላው ገጽ ላይ በአጉሊ መነጽር አቀረቀረች።
አንዲት ኖታ ተፍቃለች። በኅዳጉ፦ «ገበሬው ተሳስቷል፤ አቃናኋት።»
መንደሩ ግን እስከ ዛሬ እንዳጎበጣት ነው የሚጫወታት።
ከሥሩ «ሦስተኛ ክፍል» ይላል፤ አምስቱ መስመር ባዶ፣
እንደታረሰ ማሳ፣ ዘሪው እንደቀረ ማዶ።

ቀጥሎ ሸክላው፤ ባሕር ተሻግሮ ቦስተን ላይ የተቀዳ፣
ፓኪ ማልቫነርቲ፣ በቀን የወደብ ሸክም፣ በማታ የቤት ኪራይ ዕዳ።
ሦስት ደቂቃ ነው የሸክላ ዕድሜ፤ ከዚያ መርፌው ጠርዝ ይነካል፤
ፓኪም ተጣድፎ ሁለቱን ክፍል ደጋግሞ ያበቃል።
ደግሞ አንድ ቦታ ላይ ሸክላው ጭረት አለበት፤
መርፌው እዚያ ሲደርስ ዘሎ ያልፋል፣ አንድ ምት ጎድሎበት።

የዘጠና ዓመቱን አልታን ብሬሆኒን ሄዳ ጠየቀች፤
ወንበር ስባ፣ መቅረጫዋን ከምድጃው ጥግ አስቀመጠች።
ተጫወቱ። እዚያች ቦታ ሲደርሱ፣ እሳቸውም ዘለሉ!
ምቷን እንደ ቦይ ተሻግረው ከወዲያ ማዶ ቀጠሉ።
«ካባትዎ ነው?» አለቻቸው። «አባቴማ ላም እንጂ ዜማ አያውቅም፤
ከሸክላው ነው፣ ካሜሪካ ከላኩልን፤ ሌላ ምንጭ አልነበረንም።»

ሳቀች አትራክታ፤ ሳቋ ግን መንገድ ላይ ቀረ።
ፓኪ እኮ ዜማውን ይዞ የተሳፈረው ከዚሁ መንደር ነበረ።
መንደሩ ለፓኪ፣ ፓኪ ለሸክላ፣ ሸክላ መልሶ ለመንደር፤
ምንጭ ከእንስራ ሲቀዳ ያየ ሰው አለ በምድር?

በመጨረሻ የቴፕ ክር፤ ከቆጥ ላይ፣ ከብስኩት ቆርቆሮ፤
ፓኪ አርጅቶ አገሩ ገብቶ፣ ጣቱ በሸክም ደንድኖ ኖሮ።
ውሻ ይጮኻል። ሰዓት ይደውላል።
ሁለተኛው ክፍል ያልቃል።
ከዚያ፣ ከበስተኋላ፣ ከእቃ ማጠቢያው በኩል፣
ውኃ ሲንቧቧ፣ የሸክላ ሳህን ከሸክላ ሳህን ሲጋጭ፣
የሴት ድምፅ።
ቃል የለውም። ዲደል-ዴይ፣ ዲደል-ዳም፤
የጎበጠችዋን ኖታ አላቃናች፣ ምቱን አልዘለለች፤
ሦስተኛውን ክፍል
ለሳህኖቹ ታንጎራጉራለች።
ገና ሳትጨርስ አንድ ወንድ ተቆጣ፦
«አንቺ ሴት፣ ዝም በይ፤ እየቀዳን ነው!»
ውኃው ቆመ።

አትራክታ ክሩን መለሰች፤ አሥራ አራት ጊዜ መለሰች፤
የወንዱን ቁጣ ሳይቀር በቃሏ አጠናች።
ቆርቆሮው ክዳን ላይ የቀጂው ስም አለ፤ የፓኪ አለ፤
የውሻው ስም እንኳ አለ።
ስለ እሷ «ሚስትየው» ይላል።
ወር ፈጅታ የደብሩን መዝገብ ገለጠች፦
ኦኖር። የባልቴት ልጅ።
ያቺ ባልቴት፣ ይህች ባልቴት ትሁን አትሁን
መዝገቡ አይናገርም፤ አትራክታም አልጻፈችም።

ትናንት ሐሙስ ማታ፣ ከድልድዩ ማዶ መጠጥ ቤት፣
ዝናቡ መስኮቱን ሲጠበጥብ፣ ካፖርቶች በር ላይ ሲተኑ፣
ዜማው አለቀ፤ ሁሉም ቀስቱን አወረደ።
እሷ ብቻ ቀጠለች።
ዋሽንት ነፊው ልጅ ቀና አለ፤
ብርጭቆ ሰብሳቢዋ ከነትሪዋ ቆመች።

«ይህን ደግሞ ከየት ቀዳሽው?»
«ከሸክላ» አለች።
«ሸክላው ላይማ የለም! እኔ እኮ አለኝ፣ ጭረቱን ሳይቀር አውቀዋለሁ።»
ቀስቷን ሙጫ እየቀባች፣
«አለ እንጂ» አለች፤
«እያጠበችው ነበር።»