ገና

ኅዳር፣ ደብረ ብርሃን። ውርጩ መስኮት ሞልቶ፣
እንግዳሸት ተቀምጧል ግራ ክንዱን ሰጥቶ።

ሞገስ፣ በዚሁ ክኒን፣ ባንድ ወር ጀምሮ፣
ብርድ ልብስ ፋብሪካ ፈረቃ ገብቷል ዘንድሮ።
ወንድሜ ሦስት ዓመት ቆጥሮ እየዋጠ፣
ያ ድምፅ አልወረደም፣ ጣራው ላይ እንደተቀመጠ።

"የዘርህ ፊደሉ አልተዛባም" አለች
ሲስተር የውብዳር፣ ደሙን እየቀዳች፤
"ግን ከላዩ ኑሮ ምልክት ጭሮበት፣
አንዱ ቃል ላልቶበት፣ ሌላው ጠብቆበት።
ሰውነት መድኃኒት የሚሰማ፣ ምናልባት፣ እንደ ንባቡ ነው።"

"እናቴ በሰባ ሰባት ነበር ያረገዘችኝ" አለ።
ዝም ብላ ቱቦውን አሸገችው።

"መቼ ታውቁታላችሁ?"
"ገና ነው" አለችው።

አላልታ ነው ያለችው።
እሱ አጥብቆ ሰማት፤
ነጭ ሸሚዙን አጥቦ፣ ምስማር ላይ ሰቅሎ፣
ታኅሣሥን ይቆጥራል።

እኔም አላረምኩት።