አራት ደቂቃ ከአሥራ አንድ

ዊኒፔግ ነው፤ ጥር ነው፤ ውጭው ከዜሮ በታች ሠላሳ፤
እኔ ግን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላብ አጥምቆኝ ስነሳ
ቀሚሴ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል፤ ትራሴም ርሷል፤
ደረቴ ላይ የተለኮሰው እሳት ጆሮ ግንዴ ደርሷል።
ሐኪሟ «ማረጥ ነው» አለች፣ ወረቀት ሰጥታ፤
«ያልፋል» አለች፤ መቼ እንደሆነ ግን አልነገረችኝም አስልታ።

የእኩዮቼ ልጆች ተዳሩ፤ እኔ በሃምሳ አንድ ዓመቴ
የአሥር ዓመት ልጅ ጫማ እፈልጋለሁ ሶፋ ሥር፣ ተንበርክኬ በጉልበቴ።
ያፌት ነው ስሙ። አንድ እግሩ ሲቀመጥ ሌላው ይሮጣል፤
ስለ ዓሣ ነባሪ ጥርስ ይጠይቃል፣ መልሱን ሳይሰማ ያቋርጣል።
ከመስከረም ወዲህ አራት የቀኝ እጅ ጓንቶች ጠፍተዋል፤
ግራዎቹ መሳቢያዬ ውስጥ እንደኔው ፈት ሆነው ተቀምጠዋል።

መምህርቱ ሚስ ኮቫልቹክ ትደውላለች፣ ድምጿ ለስላሳ፤
«ዛሬም ወንበር ሥር ሆኖ አነበበ፤ እርሳሱን በላ፤ ምሳውን ረሳ።»
እኔ የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ እንፋሎት መሃል ቆሜ፣
«እሺ» እላለሁ። ያለችኝን ወዲያው ረሳሁት፤ ይሄ ደግሞ አዲሱ ሕመሜ።
ቁልፌን ማቀዝቀዣ ውስጥ አገኘሁት፣ ከአተሩ አጠገብ በርዶ፤
ቀኑን ሙሉ ሳጥፈው የዋልኩት አንሶላ ስሙ ጠፋኝ፣ ከምላሴ ወርዶ።
ለልጄ የተጻፈው ወረቀት «ቶሎ ይረሳል፣ ቶሎ ይቆጣል፣ እንቅልፍ የለውም» ይላል፤
ስሙን በእጄ ሸፍኜ አነበብኩት፤ የኔንም ይመስላል።

ወይዘሮ አልጋነሽ ከቅዳሴ ስንወጣ ክንዴን ጨብጣ
«ልጅሽ ያጣው ቁንጥጫ ነው» አለች፤ «አንቺ ደግሞ ጠበል፤ ሙቀቱ እንዲወጣ።»
አልተከራከርኩም፤ ላቤን በነጠላ ጫፍ ጠርጌ «አሜን» አልኩኝ፤
ያፌት መኪና ማቆሚያውን ሦስቴ ሲዞር ልከተለው አማረኝ።

ማክሰኞ ጮህኩበት። ስለ ካልሲ። ስለ አንድ እግር ካልሲ።
ድምፄ የኔ አልነበረም፤ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ፤
እሱ ግን፣ በሕይወቱ አንዴ፣ ዝም ብሎ ተቀመጠ።
ያን ጸጥታ ነው ያልቻልኩት። ስንት ዓመት የለመንኩት ጸጥታ፣
እንዲህ ከሆነስ ይቅርብኝ፣ ጌታ።

ዛሬ ሌሊት በረንዳ ወጣሁ፣ በሸበጥ፣ በስስ ቀሚስ፤
የጎረቤት መብራት ያየኛል፣ እንደ ማንቆርቆሪያ ስጨስ።
በሩ ሲጥ አለ። ያፌት ነው፤ ሁለት ግራ ጓንት አጥልቆ፣ ብርድ ልብስ ለብሶ፣
«እማዬ፣ እየጨስሽ ነው!» አለኝ፣ ድምፁን ቀንሶ።
የሩጫ ሰዓቱን አወጣ፤ «ሲያበቃ ንገሪኝ» አለ፤
ሳይዘል፣ ሳያወራ፣ ቁጥሩን ብቻ ተከተለ።
«ትኩረት የለውም» ያሉትን ልጅ አየሁት፣ ዓይኑን ሳይሰብር
የእናቱን እሳት ሰከንድ በሰከንድ ሲቆጥር።

«አራት ደቂቃ ከአሥራ አንድ» አለ፤ «በቃ፣ አለፈ።»
ውርጭ በያዘው መስታወት ላይ ቁጥሩን በጥፍሩ ጻፈ።
«ስለ ማክሰኞው ካልሲ…» ስለው፣ «የቱ ማክሰኞ?» አለኝ።
ረስቶት ይሁን ይቅር ብሎኝ፣ እስካሁን አልገባኝ።

«እሳት አመድ ይወልዳል» ይላል ተረቱ፤
እኔ ቤት አልሠራም፤ እሳት ነው ልጁ፣ እሳት ናት እናቱ።

ስንገባ አንድ እጁ ባዶ ነው፤ ጓንቱ ከሦስተኛ ፎቅ በታች፣ በረዶው ላይ ይታያል።
«ግራ ነው» አለኝ፣ ሊያጽናናኝ፤ «ግራ ብዙ አለን» ይላል።